የአንድ ምት ምስክር

ባለፈው ሰሞን ትንሿን ልጄን ጥርሷን ላሳይ ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄጄ ነበር። ተራ በምንጠብቅበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ድምፁ ተዘግቷል። ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰው ለምለም ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ወገቡን እያወዛወዘ፣ እግሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ኳስ ትክ ብሎ ያያል። ዘንጉን ያነሳል፣ መልሶ ያወርዳል፣ እንደገና ያያል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ትዕግሥታቸው አለቀና «ምነው ይሄ ሰውዬ፣ ወይ ይምታት ወይ ይተዋት!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ግን ቀና ብላ አየችኝና «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ምንም አልሆንኩም። ጎልፍ የሚባለውን ነገር እኔ የማውቀው ሣር በሌለበት አገር ነው።

ልጅ እግር ሳለሁ ሱዳን፣ ካርቱም፣ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። የሀብታም ሰፈር ነው፤ ከአባይ ዳር። የኛው አባይ እዚያ ሲደርስ ሰፍቶ፣ ደክሞት፣ ቀስ ብሎ ያልፋል። ዘመኑ የአብዮቱ ጊዜ ነበር። የቆየው መንግሥት ወድቋል፣ አዲሱ ገና አልቆመም። ወጣቶቹ መንገዱን በጡብ ይዘጋሉ፣ ጎማ ያቃጥላሉ። ጠዋት ያጠብኩትን አንሶላ ከሰዓት ሳነሳው ጎማ ጎማ ይሸት ነበር።

አሠሪዬን ሰው ሁሉ «ሙዲር» ይለው ነበር፤ አለቃ ማለት ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት አለቃ ነበርና መንግሥቱ ሲወድቅ እሱም ከወንበሩ ወረደ። ቤት ዋለ። የሚያዘው ሰው ሲያጣ እኔንና ዘበኛውን አዘዘን፤ እኛን አዞ ሲጨርስ ጎልፍ ያዘ።

ዋናው የጎልፍ ሜዳ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም። መንገዱ ሲዘጋበት ከግቢው ጀርባ፣ እስከ አባይ ባለው ባዶ መሬት ላይ፣ የራሱን ሠራ። አንድ ቀዳዳ ብቻ። የዱቄት ወተት ጣሳ መሬት ውስጥ ቀበርንለት፤ ዙሪያውን ያለውን አሸዋ በተቃጠለ የሞተር ዘይት አርሰን ደለደልነው። ሣር በሌለበት አገር እንዲህ ነው የሚደረገው። ኳሷም ከአሸዋ ላይ አትመታም። ተጫዋቹ የበር መርገጫ የምታህል አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ይዞ ይዞራል። ኳሷ በወደቀችበት ቦታ ምንጣፏ ትነጠፋለች፣ ኳሷ ላይዋ ትቀመጣለች፣ ይመታል፣ ምንጣፏ ትነሳለች። የምታነጥፈውም የምታነሳውም እኔ ነበርኩ።

ሙዲር አይችልም ነበር። ልሳደብ ብዬ አይደለም። ልብሱን ላየ ሰው የሚችል ይመስላል፤ ጫማው ባለ ሁለት ቀለም፣ ቆቡ ነጭ፣ ጓንቱ እንደ ሙሽራ። ሲመታ ግን ብዙ ጊዜ ኳሷ ካለችበት ትቀርና ምንጣፏ ትበራለች። አንድ ቀን በራ የጎረቤት ግንብ ላይ ተሰቀለች። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሌላ ነው። የነፋሱ ነው። የቁራው ነው። የወንዙ ብልጭታ ነው። «ያ ሀዋ! ጥላሽን ሰብስቢ!» ይለኛል፤ ሀዋ እኔ ነኝ። ጥላ እንዴት እንደሚሰበሰብ አላህ ያውቃል። እኔ ግን ጎንበስ እል ነበር።

ዘበኛው ጋሽ ንጉሤ የጎንደር ሰው ናቸው። ካርቱም አርጅተው አማርኛቸው ከአረብኛ ተጋብቷል። በር ላይ ተቀምጠው፣ የምቱን ድምፅ እየሰሙ፣ «ወላሂ፣ ይቺ ኳስ ምን በደለችው? ሰልፍ የወጣችው እሷ ናት እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ክርስቲያን ሆነው ወላሂ ማለት ከአፋቸው አይጠፋም። እዚያ አገር ወላሂ እንደ ጨው ነው፤ ሻጩም፣ ሾፌሩም፣ ሌባውም ይለዋል። እኔ አልለውም ነበር። እናቴ በልጅነቴ፣ «የአላህን ስም ላየሽው ነገር አቆዪው» ብላኛለች።

ዓርብ ዓርብ የሙዲር ሁለት ጓደኞች ይመጣሉ። አንዱ ዝምተኛ ነጋዴ ነው። ሌላው ጡረታ የወጣ አውሮፕላን ነጂ ነው፤ ካፒቴን ይሉታል። ካፒቴኑ በድሮ ጊዜ፣ በትልቁ ሜዳ፣ ኳስ በአንድ ምት ብቻ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቷል። ለጎልፍ ተጫዋች ከዚህ በላይ ክብር የለም አሉ፤ ሚስት ከማግባትም ይበልጣል። ካፒቴኑ ይህን ታሪክ ሳይናገር ውሎ አያውቅም። ሙዲር ፉሉን ያኝካል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ዓይኑ ግን ይቀላል።

ባንዲራ የሚተከልበት ዘንግ ስላልነበረን እነሱ ሲመቱ ቀይ ጨርቅ ይዤ ቀዳዳው ጋ የምቆመው እኔ ነኝ። የጎልፍ ኳስ ስታዩዋት እንቁላል ናት፣ ስታርፍ ድንጋይ ናት። አንድ ዓርብ የሙዲር ምት ቅልጥሜ ላይ አረፈችና ወደቅሁ። ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ፣ «ባንዲራው ወደቀ! ጓዶች፣ ይሄም መንግሥት ወደቀ!» አለ። ነጋዴው እንኳ ሳቀ። ሙዲር አልሳቀም። «እግርሽ ባያግዳት ትገባ ነበር» ብሎ ተቆጣኝ። እያነከስኩ ገባሁ፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳሁላቸው። ከርከዴው ውስጥ በረዶው ሲንኳኳ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ታናሽ እህቴ መሬማ ከወንዙ ማዶ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር፣ በጭቃ ቤት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ በሊቢያ መንገድ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ወሯ ሲገባ ሙዲርን ፈቃድ ጠየቅሁት። ጀዋዜን፣ ፓስፖርቴን ማለቴ ነው፣ እሱ ነው የያዘው፤ ያለ ጀዋዝ ፖሊስ ካገኘኝ ያስረኛል። ጓደኞቹ ተቀምጠው ነበርና ጥያቄዬ ጨዋታ ሆነለት።

«በአንድ ምት ያስገባሁ ቀን ትሄጃለሽ» አለኝ። «በመኪና። ሾፌሩ ያደርስሻል። ኢንሻአላህ።»

ካፒቴኑ ጺሙን እያሻሸ፣ «እሱን ከጠበቅሽ እህትሽ የልጅ ልጅ ታያለች» አለ።

ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳሷን ሳስቀምጥ ቢስሚላህ ማለት ጀመርኩ። አንድ ሰው ጎልፍ እንዲችል እንደኔ ዱዓ ያደረገ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ቀትር ላይ የመሬማ ጎረቤት ደወለች። ምጥ ከሌሊት ጀምሮ ይዟታል፣ የሽርት ውኃዋ ፈሷል፣ አዋላጇ መንገድ ተዘግቶባት አልመጣችም፤ መኪና ካልተገኘ ሐኪም ቤት አትደርስም አለችኝ። ሮጬ ለሙዲር ነገርኩት። ነጭ ቆቡን እያደረገ ነበር። «እንግዶች ይመጣሉ። ከጨዋታው በኋላ እናያለን» አለኝና ዘንጎቹን አሸከመኝ።

ጓደኞቹ ሳይመጡ ብቻውን ሊለማመድ ወጣ። ኳሷን ምንጣፏ ላይ አስቀመጥኩለት። የከሰዓቱ ሰላት፣ የአስር አዛን አለ። «ልስገድ?» አልኩት። «ቶሎ በይ» አለኝ። ከቧንቧው ውዱእ አድርጌ ግንቡ ጥግ ቆምኩ። ሰጋጅ የሚዞርበት ቂብላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ቀዳዳው ከጀርባዬ ነበር። ለመሬማ ብዬ ሱጁዴን አስረዘምኩ። ግንባሬ አሸዋው ላይ እንዳለ ምቱን ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ሰማሁ።

ሰላቴን አሰላምቼ ስዞር ሙዲር እየዘለለ ነው። «ገባች! ገባች! ያ ሀዋ፣ ገባች!» ሮጬ ሄድኩ። ኳሷ ጣሳው ውስጥ ናት። በዚያች ምት ባንዲራም አልነበረም፣ ጥላም አልነበረም፣ እኔም አልነበርኩም።

ወዲያው ካፒቴኑና ነጋዴው በጡብ መሐል በእግራቸው መጡ። ሙዲር እያለከለከ ነገራቸው። ካፒቴኑ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን አየ?»

«እንዴት ማን አየ? ጣሳው ውስጥ ናት!»

«ወንድሜ፣ በአንድ ምት የገባ ኳስ ያለ ምስክር አይቆጠርም። የእኔን ቀን ስንት ሰው አይቷል! ያንተን ማን አየ? አባይ?»

«ሀዋ አይታለች» አለ ሙዲር።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ቤት ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ሦስቱም በአንዴ ዓይኔን ያዩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ሙዲር ጠጋ አለኝ። ላብ ላብ ይል ነበር፤ ሽቶው ከላቡ ተቀላቅሏል።

«ንገሪያቸው» አለኝ። «ወላሂ በዓይኔ አየሁ፣ ስትበር አየሁ፣ ስትገባ አየሁ በይ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ጀዋዝሽንም ውሰጂ። ያላ!»

እውነትም ከግንቡ ማዶ የመኪናው ሞተር ይሰማ ነበር። ዓይኑ ይለምነኛል። ሲለምን አይቼው አላውቅም። መሬማን አሰብኩ። ኳሷ በእርግጥም ውስጥ ነበረች፤ መትቶ አስገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ሮጦ በእጁ ከትቶም ሊሆን ይችላል። እኔ አላየሁም። ግንባሬ ላይ የሱጁዱ አሸዋ ገና አልረገፈም። በዚያ ግንባር እንዴት ልማል?

«ሙዲር፣ ሰላት ላይ ነበርኩ» አልኩት። «ኳሷን ጣሳው ውስጥ አገኘኋት። ስትገባ አላየሁም።»

ካፒቴኑ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሳቅ አለቀሰ። «አንተ ሰው! መንግሥትህ ሲወድቅ አገር አየ፤ ወንበርህ ሲወድቅ አገር አየ፤ በስንት ጊዜ አንድ ነገር ቢሳካልህ ሠራተኛህ እንኳ አላየችልህም!»

ሙዲር አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ምንጣፏን ራሱ ከመሬት አነሳና «ኻላስ። ውጪ» አለ። ወደ ግንቡ ማዶም ተጣርቶ ሾፌሩን ሞተሩን አጥፋ አለው። ጀዋዜን አልሰጠኝም። ልብሴን በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

በር ላይ ጋሽ ንጉሤ ክንዴን ያዙኝ። ሁሉንም ሰምተዋል። «አንቺ ልጅ፣ አንዲት ቃል! አንዲት ቃል እኮ ናት! ለጎልፍ ደግሞ ፈጣሪ ምን አገባው?»

«የሚማለው በጎልፍ አይደለም፣ ጋሼ። በሱ ነው።»

«እህትሽስ?»

የሚጠጡትን ውኃ በፕላስቲክ እንዳለ ሰጡኝና ፊታቸውን አዞሩ።

የማንሺያን ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። ጡብ የደረደሩት ወጣቶች ባንዲራ ተከናንበው ይዘፍናሉ፤ የያዝኩትን ጉዳይ ስነግራቸው መንገድ ከፈቱልኝ፣ ተምር በእጄ አስጨበጡኝ። አንዱ ረክሻ፣ የኛን ባጃጅ፣ ያለውን ጠርቶ የተወሰነ መንገድ አስወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ ረክሻም አያልፍም። አላህ ይስጣቸው። ሐጅ ዩሱፍ ስደርስ ፀሐይ ገብታ የመግሪብ አዛን ይል ነበር።

መሬማ በሕይወት ነበረች። አልሐምዱሊላህ። ልጁ ግን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ተኝቷል። ወንድ ነበር። ጎረቤቷ በዝግታ፣ እኔን ሳታይ፣ «ሲወጣ ትንሽ ተንፍሶ ነበር። ሐኪም ቤት ቢሆን…» አለችና ተወችው።

መሬማ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «ሰውዬው በመኪና አደርስሻለሁ አላለሽም ነበር?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ሌላ ነገር ልላት እችል ነበር፤ መንገድ ተዘጋ ብላት ታምነኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዛሬ ሁለታችንም ኮምቦልቻ ነን። በኋላ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲመጣ አብረን ነው የወጣነው፤ ስታመም በጀርባዋ ያዘለችኝ እሷ ናት። ባሏ አልተመለሰም፣ ሌላ ልጅም አልወለደችም። ልጆቼን ትወዳቸዋለች፤ ፀጉራቸውን የምትሠራው እሷ ናት። አላህ ብዙ ሰጥቶኛል፤ ባል፣ ልጆች፣ የማይፈስ ጣሪያ። ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም።

ቅድም ገበያ ሄደን ነበር። ጨርቅ ሻጩ ቀለሙ እንደማይለቅ ይምላል፣ ይገዘታል። ገዢዎቹ እኔን ያውቁኛልና አንዷ «ሀዋ፣ አንቺ በይን፤ አይለቅም?» አለችኝ። ለብሼው አላውቅም አልኩ። መሬማ ጨርቁን እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል፣ «እሷን አትጠይቋት» አለች። «ሀዋ ሰው ቢሞት እንኳ ያላየችውን አትመሰክርም።»

ሴቶቹ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ሙስሊም!» ብለው መረቁኝ። መሬማም አብራ አሜን አለች።

የጠየቀኝ ባይኖርም እኔ ስለዚያች ቃል አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን አልምልም። ጌታዬን ስለ ሁሉም ነገር አመሰግነዋለሁ፤ ከአምስቱም ሰላት በኋላ። ለዚያ ቀን ግን አልሐምዱሊላህ የሚለው ምላሴ ብቻ ነው። ልቤ እስኪደርስበት እየጠበቅሁ ነው።