መልሱን የያዘ ጥያቄ

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ራሱ ሥራ ነው። አዲስ የስልክ መተግበሪያ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ሰዎች ይሞክሩታል፤ ምን እንደሚሞክሩ የምትጽፍላቸው እሷ ናት። ይኸው ነው። እስክትጽፍ ድረስ ያለው ጉድ ግን አይጣል ነው! በመስኮቱ አሻግራ እያየች የማታውቀውን ሰው ኑሮ ትኖራለች፤ አንዴ ወገቡን የሚያመው ሾፌር፣ አንዴ መንታ የታቀፈች እናት ትሆናለች። ሻይዋ ይቀዘቅዛል። ባልደረቦቿ "ሕልመኛዋ" ቢሏት አይፈረድባቸውም።

ያን ሰሞን ግን ለሕልም ጊዜ አልነበረም። የጤና ጣቢያው መተግበሪያ ሰኞ ሊለቀቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የመድኃኒት ማዘዣ የሚታደሰው በስልክ ብቻ ነው። አለቃዋ "ቶሎ በይ!" እያለ ቢያጣድፋት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "'ማዘዣ አድስ' የሚለውን ተጭነው ማዘዣዎን ያድሱ።" አሥራ ሁለት ሰው ሞከረ፤ አሥራ ሁለቱም አለፉ። አለቃዋ ጮቤ ረገጠ። እንዲለቀቅ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው፤ እሷን ግን አንድ ነገር ከነከናት።

ቅዳሜ ከሰዓት ያሳደገቻት አክስቷ ዘንድ ሄደች። አክስቷ ደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቷን የምታመጣላት ይቺው ልጅ ናት። በረንዳው ላይ ፀሐይ ተንጋላለች፤ የታጠበው አንሶላ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። መተግበሪያው ያለበትን ስልኳን ሰጥታ የጻፈችውን ወረቀት አነበበችላት። አክስቷ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ቃሉን ፈለገችና ተጫነችው።

"ይኸው! ይሄ ምን ይከብዳል?"

ያኔ ገባት። ለካ ለሞካሪዎቹ መልሱን ራሷ ነግራቸው ኖሯል! ሁሉንም እጃቸውን ይዛ ነው ያሻገረቻቸው። "ወይ እኔ!" አለች። እንደ ልማዷ ዓይኗን አንሶላው ላይ ጥላ ትንሽ ፈዘዘች።

"ወረቀቱን ተይው፣ እቴቴ። መድኃኒትሽ አልቋል እንበል። ብቻሽን ነሽ። ምን ታደርጊያለሽ?"

አክስቷ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ላንቺ ነዋ የምደውለው!"

"ባላነሳውስ?"

"ሥራ ይዟታል ብዬ እተወዋለሁ።" ሳቅ አለች። "ደግሞ 'እንበል' ምን ያደርጋል፣ ልጄ? ካለቀ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።"

ሕልመኛዋ ክው አለች። የማታውቀውን ሁሉ ስትሆን ከርማ የራሷን ሰው ረስታ! አለቀሰች፤ እያለቀሰችም አክስቷን ደግፋ መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ ደረሰች።

ሰኞ አልፈረመችም። አለቃዋ ጠረጴዛ ቢደበድብም አዲሱን ወረቀት ፊቱ አኖረችለት፦ "የግፊት መድኃኒትዎ ካለቀ አራት ቀን ሆኖታል። የምታመጣልዎት ልጅ ስልክ አታነሳም። ምን ያደርጋሉ?"