የክብር ስም ያጣ ሥጋ

ቶፊጋ የመንደሩ ተናጋሪ ሽማግሌ ነበር። በደሴቶች አገር በሳሞአ ለቅሶ ወይም ሠርግ ቤት ስጦታ ሲመጣ ተናጋሪው በትሩን ተደግፎ ሜዳው ላይ ይቆምና ማን ምን እንዳመጣ በጩኸት ያውጃል። ስጦታው ሁሉ ደግሞ የአደባባይ ስም አለው። አሳማ ጓዳ ውስጥ አሳማ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ፣ የከበረ ስም ይለብሳል። ዓሣውም እንደዚያው። ቶፊጋ ስሞቹን ከአባቱ ተቀብሎ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ አንዱንም ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ስም አልወጣለትም ነበር፤ ተርኪ የሚሉት ዶሮ መሳይ ትልቅ ወፍ ጅራት። በረዶ ሆኖ በካርቶን ታሽጎ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ሥጋ ይሉታል እንጂ ስብ ነው፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የሚልኩት ሰዎች ራሳቸው አይበሉትም። ደረቱን ለራሳቸው ያስቀሩና የሚጥሉበት ሲያጡ ለደሴቱ ሰው ይሸጡታል።

ለእህቱ ለፉአቲኖ ግን ነፍሷ ነበር። አሳማ ማርባት ልፋት ነው፤ ጅራቱ ሱቅ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው። ስኳሯ ተነሳባት፣ ቆይቶም አንድ እግሯ ተቆረጠ። መንግሥት ጅራቱ እንዳይገባ የከለከለ ጊዜ ቶፊጋ ተንበርክኮ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ እሷ ግን አኮረፈች።

«ታዲያ ምን ልብላ? ያንተን ንግግር?» አለችው።

ክልከላው ብዙ አልቆየም። አገሪቱ አገሮች ሁሉ ከሚገበያዩበት ከትልቁ የዓለም ንግድ ማኅበር ልግባ ስትል በርሽን ክፈቺ ተባለች። ኮኮናትሽንና ዓሣሽን እንድንገዛሽ ከፈለግሽ ጅራታችንን አትመልሺ ነው ነገሩ። አንድ ባለሥልጣን በለሰለሰ ድምፅ ሬዲዮ ላይ ወጥቶ «ሕዝባችን የመምረጥ ነፃነት አለው» አለ። ቶፊጋ ሬዲዮውን በጥፊ መትቶ አጠፋው። ነፃነት ብሎ ነገር! ቆሻሻ መብላትን ነፃነት የሚል አፍ ከቆሻሻው በላይ ያስጠላው ነበር።

ፉአቲኖ በዚያው ዓመት ሞተች።

በለቅሶው ቀን የባሏ ዘመድ ማሬኮ ከዋና ከተማው ከአፒያ የጭነት መኪና አስከትሎ መጣ። አስመጪ ነው። ካርቶኖቹን ሜዳው ላይ አስደረደራቸው፤ ፀሐይዋ ስታገኛቸው ከሥራቸው ቅባት ያዘለ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። የተርኪ ጅራት ነበር።

ማሬኮ ጠጋ አለና በጆሮው «ጋሼ ቶፊጋ፣ አደራዎን አሳምረው ይጥሩልኝ። የአሳማውን ስም ይስጡት። ዛሬ አሳማ ማን ያመጣል ብለው ነው?» አለው።

«ምን እንደገደላት ታውቃለህ፣ አንተ ልጅ?»

«እኔ ነኝ የገደልኳት? አገሩ ከፈተ፣ እኔ አስገባሁ። የእርስዎን ኮኮናትስ ማን የሚገዛው ይመስልዎታል? እኛ ዘግተን እነሱ ይክፈቱልን? ትንሽ ነን እኮ፣ ጋሼ!»

ከሁሉ የሚያበሽቀው ልጁ አለመሳሳቱ ነበር። የቶፊጋም ኮኮናት የሚጫነው እዚያው መርከብ ላይ ነው። ስጦታውን አላከብርም ቢል የእህቱን ሬሳ በአማቾቿ ፊት ያዋርዳል። የአሳማውን ስም ቢሰጠው ደግሞ ገዳይዋን በገዛ አፉ ሊሾም ነው።

ወጥቶ ሜዳው መሐል ቆመ። የማሬኮን ዘር ማንዘር በሚገባው ማዕረግ ጠራ።

«ያመጣውም…» አለና ቆመ። የከበረው ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«የተርኪ ቂጥ!» ብሎ ጮኸ። «ነጮቹ የተጸየፉት የተርኪ ቂጥ! እህቴ የበላችው፣ እህቴንም የበላት!»

ቶፊጋ በትሩን ጨብጦ ውርደቱን ጠበቀ፤ ይጮሁበት፣ ይሰድቡት፣ ማሬኮም ካርቶኑን ጭኖ ይሂድለት እንደሆነ።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ሌላዋ፤ ከዚያ ለቀስተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማሬኮ ራሱ እንባውን እየጠረገ ይስቃል።

«ቂጥም ቢሆን ወዲህ በሉት፣ ርቦናል!» አለ አንዱ።

ካርቶኖቹ ተከፈቱ። እንግዶቹ ቤታቸው ወስደው እንዲጠብሱት ወጣቶቹ በእጅ በእጃቸው አከፋፈሏቸው፤ እምቢ ያለ ቄስ የለ፣ እምቢ ያለ ሽማግሌ የለ። ቶፊጋ እንዲህ ተጸይፎ አያውቅም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ከቀብር መልስ የፉአቲኖ ልጅ ቲሬሳ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ፣ ሳህን ይዛለት መጣች።

«አጎቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ለእኛም ትንሽ አስቀርቼ ጠብሼዋለሁ። እማዬ ትወደው ነበር።»

እሷን እምቢ ማለት አልሆነለትም። ቆዳው ተጠብሶ ቀልቷል፤ ስቡ ሳህኑ ላይ ይንጨረጨራል። አንዱን አንስቶ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ።

ጣፈጠው። ሳህኑን ከነምናምኑ ወርውሮ ሊነሳ ፈለገ፤ እጁ ግን ሁለተኛውን አነሳ።