የየሺወርቅ ምርቃት የት ይደር?

የሺወርቅ ሮም ውስጥ፣ ፖንቴ ማሞሎ አጠገብ አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ሲኞራ እየጦረች ነው የምትኖረው። ሐበሻው የሚያውቃት ግን ምርቃት በመሰብሰቧ ነው። ሽማግሌ ለምርቃት አፉን ሲከፍት እሷ ስልኳን ትከፍታለች። የሰርጉን፣ የክርስትናውን፣ የመንገደኛውን፣ ሁሉንም ከድምፅ እየገለበጠች ስትጽፍ ዓመታት አለፉና ጽሑፉ በሺዎች ሆነ። በመጨረሻ ስልኩ "ቦታ የለም" ብሏት አረፈው።

ሁለት መካሪ ተነሣላት። ሙላው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ደርዳሪ ነው። "እያንዳንዱን ለብቻው ፋይል አድርጊው" አላት። "የሰርጉን በሰርግ ፎልደር፣ የቤቱን በቤት ፎልደር። የትም ኮምፒውተር ይከፍተዋል።"

እዚሁ ሮም ተወልዶ ኮምፒውተር የተማረው ሳሚ ሳቀ። "አሎራ፣ እንግዲህ እትዬ የሺ፣ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ በፎልደር አይሆንም። ዳታቤዝ ነው የሚያስፈልግዎት። አንድ ቃል ሲጽፉለት ፈልጎ ያመጣልዎታል።"

ሁለቱንም ሞከረች። "ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጅ ይፈንጭበት" የሚለው የሰርግ ነው የቤት? ቢቸግራት ከሁለቱም ፎልደር ከተተችው። ኋላ የሰርጉን ስታርም የቤቱ ከነስሕተቱ ቀረ። ዳታቤዙ በበኩሉ የመራቂው ስም ካልተጻፈለት አልቀበልም አለ። ግማሹን ማን እንደመረቀው ረስታዋለችና "እግዜር ያውቃል" እያለች ሞላችው።

"እትዬ" አላት ሳሚ ሲያየው፣ "እግዜር ያውቃል የሚባሉት አባት ማን ናቸው? ከሁሉም አብልጠው የመረቁት እሳቸው ናቸው።"

ነገሩ በዚህ እንዳለ እማማ ለተንኪኤል ከከተማው ማዘጋጃ፣ ከኮሙኔው፣ ቤት ደረሳቸው። ባል ሳያገቡ ያረጁ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ለቤታቸው ምረቃ ሰው ሁሉ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ተሰበሰበ። ሽማግሌው አቶ ወልደንኪኤል "ዛሬስ የሺወርቅ ትመርቅ" አሉና ሁሉም እጁን ዘርግቶ ቆመ።

የሺወርቅ ዳታቤዙን ከፍታ "ቤት" ብላ ጻፈች። ቤት የሌለበት ምርቃት ደግሞ የለም፤ ያላት ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሰው እንደቆመ መምረጥ አሳፈራትና የላይኛውን አነበበች።

"ቤታችሁ ይሙላ፣ ውለዱ ክበዱ። ዓመት ሳይሞላ የመንታ እናት ያድርግሽ።"

"አሜን" አለ ሰዉ። አሜን ከጆሮ ይቀድማል። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እማማ ለተንኪኤልን አየ።

እማማ ለተንኪኤል እጃቸውን እንደዘረጉ፣ "አሜን ልጄ" አሉ። "አባትየውንም ከነፔርሜሶው፣ ከነመኖሪያ ፈቃዱ ይላክልኝ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሺወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሲመለሱ ሳሚ "ዳታቤዙ የጠየቁትን ነው ያመጣው" ብሎ ጀመረ። ሙላውም "እኔ እኮ ገና ድሮ..." አለ።

"ሁለታችሁም ዝም በሉ" አለች። "ጽሑፉ በፋይል ይቀመጥ፤ አንዱ ምርቃት አንድ ቦታ ብቻ። ዳታቤዙ የቱ የት እንዳለና ለምን ለምን እንደሚሆን ይንገረኝ። ለሰርግም ለቤትም ከሆነ ሁለቱንም ጻፉበት። የመራቂው ስም ከሌለም ባዶውን ይቀበል።"

ሳሚ "ቫ ቤኔ፣ እሺ" አለ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ተቀምጠው ሠሩት። አንድ ቅጂ ሙላው ቤት፣ አንድ ቅጂ ሳሚ ዘንድ ተቀመጠ።

አሁን የሺወርቅ የጠየቀችውን ታገኛለች፤ ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው በሆዷ ሳታነብ ድምፅ አታወጣም። ሙላውና ሳሚ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በተገናኙ ቁጥር ሐሳቡ የማን እንደነበረ ይከራከራሉ። እሷ በርበሬዋን መርጣ፣ ትታቸው ትሄዳለች።