የቤተልሔሙ ሌጦ

እማሆይ ወለተኪዳን ስንዴ ሲለቅሙ አያወሩም። ሰላም ላላቸው ሰው በአገጫቸው ይመልሳሉ እንጂ ከሰፌዱ ላይ ዓይናቸውን አያነሡም። ባላቸው ሞተው እሳቸውም ቆብ ከጫኑ ወዲህ የአስታ ጊዮርጊስ የመሥዋዕት ስንዴ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ ተፈጭቶ አያውቅም። ዲያቆኑ ከቤተልሔም ያወጣላቸዋል። ቤተልሔም መሥዋዕቱ የሚጋገርባት፣ ከቤተክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ ቤት ናት። እማሆይ ደጃፏ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው እንክርዳዱን፣ ጠጠሩን፣ ጫፉ የተሸረፈውን ፍሬ ሳይቀር ይለቅማሉ። ሴቶቹ፣ «እማሆይ እንኳን ስንዴውን ጥላውንም ይለቅሙታል» እያሉ ይስቁባቸዋል።

ፊደል የቆጠሩት ልጆች ወልደው ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት። ባላቸው ያኔ፣ «በጎቹ ሳይገቡ ሀሁ ገባ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አሾፉም አላሾፉም እማሆይ ያዙት። ዛሬ ወንጌል ያነባሉ። ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው፣ ወንዝ የሚሻገር ሰው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እንደሚረግጥ፣ አንዱ ቃል መጽናቱን ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው አይሄዱም።

እንዲህ ሲሻገሩ ነው ማቴዎስ ላይ አንድ ቦታ የቆሙት። ነቢዩ ዳንኤል የተናገረው የጥፋት ርኩሰት በተቀደሰችው ስፍራ ቆሞ ስታዩ ይልና፣ እዚያው መሐል ላይ፣ አንባቢው ያስተውል ይላል። ሰሚው አይልም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሚ ሆነው ኖረው አንባቢ የሆኑት ገና አሁን ነው። ቃሉ ከሩቅ ስማቸውን ጠርቶ ያስቆማቸው መሰላቸው።

የነፍስ አባታቸውን አባ ገብረየሱስን ጠየቁ። አባ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ከሰው ጋር መጋጨት የማይወድ ደግነት ነው። ድሮ አንድ አረማዊ ንጉሥ ኢየሩሳሌም ገብቶ በመቅደሱ ጣዖት ማቆሙን፣ በመሠዊያው ላይ እሪያ ማረዱን፣ ጌታም ያንኑ የሚመስል ርኩሰት ዳግመኛ ይመጣል ማለቱን ተረኩላቸው። እማሆይ አዳምጠው ሲያበቁ፣ በሩን ማን እንደከፈተለት ጠየቁ። አባ ሳቁ። ንጉሥ በር ይሰብራል እንጂ አንኳኩቶ አይገባም አሏቸው። የእማሆይ ልብ ግን አልረካም።

ያ ክረምት ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊብት ጥቂት የቀረው ክረምት ነበር። አዲሱን ዘመን የሚጠብቀው ሰው ግማሹ ለድግስ ግማሹ ለዓለም ፍጻሜ ተዘጋጅቷል። ከቤተክርስቲያኑ በላይ ባለው ኮረብታ ደግሞ የስልክ አንቴና ቆሞ ነበርና፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ መርስዔ ኃዘን የሚባል ሰባኪ ባትሪ የታሰረበት ድምፅ ማጉያ ይዞ ከሰንበት ሰንበት እየተመላለሰ ርኩሰቱ ያ ብረት ነው ይል ጀመር። ቆሟል፣ በተቀደሰ ስፍራ አጠገብ ነው፣ ሌሊት ቀይ ዓይን ያበራል። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ ይላል። ሰውም ወደ ኮረብታው እያየ ያማትባል።

ሌጦው የገባው ከዚያ በፊት ነው፣ በፋሲካ።

የአገሩ ልማድ ነው። ለፋሲካ በግ ያረደ ሁሉ ሌጦውን ለጊዮርጊስ ይሰጣል። ከሽያጩ ዘቢብና ዕጣን ይገዛል፣ ያረጀው የታቦት ጥላ ይለወጣል። እማሆይም ያን ዓመት ያሳደጉትን ሙክት፣ ጎኑ ላይ መዳፍ የምታክል ነጭ ያለችበትን ጥቁር፣ ሌጦውን ራሳቸው ጨው ነስንሰው፣ አጣጥፈው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነው የሰጡት። የተቀበለው ወሰኔ ነው፤ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበርና የሌጦ ነጋዴ። ሌባ እንዳይነካው ብሎም አባ ገብረየሱስን በሕዝብ ፊት አስገዘተ፤ ከዚህ ሌጦ አንዲት ያነሣ ከቅዳሴ የተለየ፣ ሲሞትም ከዚህ ግቢ የማይቀበር ይሁን ተባለ። ሁሉም አሜን አለ። እማሆይም አሜን አሉ።

ዕቃ ቤቱ ያፈሳል። ቆርቆሮውም ቁልፉም ደህና የሆነው ቤተልሔሙ ብቻ ነው። ወሰኔ ለሁለት ቀን ብሎ ሌጦውን እዚያ አስገባ። ዋጋው ወደቀና ትንሽ እንታገሥ አለ። ከዚያ ዝናቡ ጣለ፣ ወደ ገበያ የሚወስደው የቀየት መንገድ ጭቃ ሆነ፣ መኪና ቀረ። ሌጦው የመሥዋዕቱ ምድጃ ካለበት ግድግዳ ተደግፎ፣ እርስ በርሱ እንደተጫነ ከረመ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቀጥሎ ዝንቡ፣ ከዚያ ከመዝጊያው ሥር ሾልኮ ሣሩን ያቃጠለው ቢጫ ውሃ። እማሆይ የሚቀመጡባትን ድንጋይ ፈቅ አደረጓት፤ ሽታው ግን ተከተላቸው፣ ማታ ጋቢያቸው ውስጥ ሳይቀር አገኙት። ለወሰኔ ነገሩት። ወሰኔ በእጃቸው የተወለደ ልጅ ነው፤ እትብቱን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። «እማሆይ ደግሞ፣ መንዝ ተወልደው በግ ይሸተኛል ይላሉ?» ብሎ ሳቀባቸው።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሰፌዱ ላይ ጣታቸው ቆመ። ፍሬው መሐል ቡናማ፣ ጠጉራም፣ ቀጭን ትል ይሄዳል። የስንዴ ነቀዝ አይደለም። የሌጦ ትል ነው፤ ማንኛዋም የመንዝ ሴት ታውቀዋለች። በጥፍራቸው አንሥተው ድንጋዩ ላይ አደቀቁት። ተንበርክከው ሰፌዱን ቢያበጥሩት ሌላ አለ። ሌላም። ምራቃቸው አፋቸውን ሞላው፤ በመቅደስ ግቢ ላለመትፋት ዋጡት፣ ያ መዋጡም ራሱ አንገፈገፋቸው።

በመጪው እሑድ የልጃቸው የጥሩሸዋ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነበር። ክርስትና ተነሥታ አመተሥላሴ ልትባልና በዚያው ቀን ልትቆርብ ነው። ቤት ሳሌም ይሏታል። እማሆይ ያን ቀን እያሰቡ ነበር የከረሙት፤ የልጅ ልጃቸው የመጀመሪያ ቁርባን እሳቸው ከለቀሙት ስንዴ እንዲሆንላቸው። አሁን ግን ያ ትል በዓይናቸው መጣ፣ ከዚያም ያቺ ጥርስ ያላወጣች አፍ።

አባ ዘንድ ሄዱ። አባ ገብረየሱስ ትሉን አዩና ዓይናቸውን ወደ ኮረብታው አነሡ። ከዘመን መለወጫው በዓል በኋላ ይወጣል፣ አሁን ከሊቀመንበሩ ጋር ሙግት ብንከፍት ሕዝቡ ይከፈላል፣ እኛ እዚህ ስንጣላ ያ አንቴና በላያችን እየሠለጠነ ነው አሏቸው።

«የሕፃኗስ ቁርባን?» አሉ እማሆይ።

«እሱ ራሱ ይቀድሰዋል፣ እማሆይ። እኛ ማን ነን?»

«እኛማ ጠራጊዎች ነን፣ አባ።»

አባ መስቀሉን አሳልመው አሰናበቷቸው።

ልጃቸው ጥሩሸዋ ነገሩን ሰምታ አለቀሰች፣ ደግሞም ለመነቻቸው። ሌጦውን ለማስወጣት ብለው ቢነኩት ግዝቱ አለ፤ ዓለም በቃኝ ብሎ ቆብ የጫነ ሰው በመጨረሻው ከደጀ ሰላም ቢባረር፣ ከአባቷ አጠገብ ባይቀበር ምን ሊሆን ነው አለች። እማሆይን የሚያሳስባቸውም እሱ ነበር። የባላቸው መቃብር ከጽዱ ሥር ነው፤ ከጎኑ የራሳቸውን ቦታ በዓይናቸው ለክተው ካስቀመጡት ቆይተዋል።

እሑድ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሲነጋ አባራ። ሴቶቹ ከቤተክርስቲያኑ ጥላ ሥር ተሰብስበዋል። አባ ገብረየሱስ ውስጥ ናቸው። ቅዳሴው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው መርስዔ ኃዘን ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ሰዓቱን ይሞላል። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበርና ሽታው በሙሉ ኃይሉ መጣ። ሰው ሁሉ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳበ። ሰባኪውም ሳበ፤ ስቦም ሲያበቃ ጣቱን ወደ ኮረብታው ቀሰረ። ይሸታችኋል ወይ፣ ይህ ከዚያ ብረት የሚወርድ የርኩሰት ሽታ ነው አለ።

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ።

እማሆይ ዞረው ፊታቸውን አንድ በአንድ አዩ። በግ ገፍፈው ያደጉ፣ አጎዛ ላይ ተወልደው አጎዛ ላይ የሚሞቱ ሰዎች ናቸው። ይህ ሽታ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም በነጠላው ሸፍኖ ወደ ብረቱ ያያል። ያን ጊዜ እማሆይ ከትሉ ይልቅ ይህ አንገፈገፋቸው። እሳቸውም ድንጋያቸውን ፈቅ እያደረጉ መክረማቸው ትዝ ሲላቸው ከራሳቸው ሌጦ ለመጀመር ቆረጡ።

ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥተው ወደ ቤተልሔሙ ሄዱ። ዲያቆኑ ለመጋገር ከፍቶታል። እሱም አፉን በጨርቅ አስሮ ነው የሚሠራው፤ ሲያያቸው ዓይኑን ሰበረ። እማሆይ አማትበው ገቡ። ክምሩ ይላወሳል። የላይኞቹን ሲገልጡ ጠጉሩ በእጃቸው ላይ እየተነቀለ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ እንደ ረጋ ሞራ ለዝቧል። ትንፋሻቸውን ይዘው ፈለጉ። ያቺን ነጭ መዳፍ ሲያዩ ያዙና ጎተቱ።

በእርጥቡ ሣር ላይ እየጎተቱ፣ ከኋላቸው መንገድ እየሠሩ፣ ሕዝቡ ፊት አደረሱት። ሰባኪው ማጉያውን ከአፉ ዝቅ አደረገ።

ወሰኔ ሮጦ መጣ። «እማሆይ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይህኮ የጊዮርጊስ ነው።»

«የጊዮርጊስ ከሆነ ጊዮርጊስ ፊት ላድርግለት ብዬ ነው።»

«ግዝት አለበት። በራስዎ አፍ አሜን ብለዋል።»

«ብያለሁ። ቅጣቴን እቀበላለሁ። ይህ ግን የእኔ ሌጦ ነው፤ ስሰጥህ ንጹሕ ነበር፣ ወሰኔ። ይህን አልሰጠሁህም።»

ከወንዶቹ በኩል ቅጣው የሚባል ሽማግሌ በከዘራው ሌጦውን ገልበጥ አደረገና፣ «አቤት፣ አንቴናው ጠጉር አብቅሏል» አለ። ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም። ከዚያ አንዷ ሴት ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ማቅለሽለሽ ዞሮ ግድግዳውን ያዘች። ስትረጋጋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ቤተልሔሙ ሄደች። የራሷን ይዛ ወጣች። ሌላዋ ተከተለች። ወሰኔ የጊዮርጊስ ንብረት ተዘረፈ እያለ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲሮጥ፣ የሚያዳልጥ ሌጦ ረግጦ በቂጡ ተቀመጠ፤ ማንም አላነሣውም። ያልመጡም ነበሩ፤ ዳር ቆመው ለቤተክርስቲያን የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው ያሉ። የእነሱን ሌሎች አወጡት።

አባ ገብረየሱስ ለብሰው ወጡ። ሣሩ ላይ የተዘረጋውን፣ ከሱ እየሸሸ ወደ ቤተክርስቲያኑ ደረጃ የሚሄደውን ትል ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ካባቸውን አወለቁ። ዛሬ ከዚህ ቤት የወጣ መሥዋዕት አይቀርብም አሉ። ሕፃኗ በውኃው ትጠመቅ፤ ቁርባኗን ግን በሚቀጥለው እሑድ ከሸንተረሩ ማዶ ያለችው ኪዳነ ምሕረት ትቀበል፤ ይህ ቤት ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ጸሎት እስኪደረግበት ተዘግቶ ይቆይ።

ሰዉ ሲበተን እማሆይ ዘንድ መጡ። ግዝቱን ያሰሩት እሳቸው ስለሆኑ የሚፈቱትም እሳቸው እንደሆኑ ነገሯቸው። ሊሄዱ ብለው ተመለሱ።

«ያኔ ሲጠይቁኝ የዘለልኩት አለ፣ እማሆይ። ንጉሡ በሩን አልሰበረም። ሹመት የገዛ ካህን ነው እየመራ ያስገባው።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ እማሆይ። አስከትለውም፣ «የእኛን ደግሞ በስጦታ አስገባነው» አሉ።

ሌጦውን ከማሳው ዳር ቀበሩት። እማሆይ እጃቸውን በአመድ አሹት፣ በእንዶድ አጠቡት፣ በአሪቲ ጠረጉት። ሽታው ከጥፍራቸው ሥር አልወጣም። በዚህ እጅ የመሥዋዕት ስንዴ አልነካም ብለው ሰፌዱን ለሌላ ባልቴት ሰጡ። ወሰኔ ግን በሰፈሩ እየዞረ እማሆይ ጊዮርጊስን አደኸዩት ይላል፤ የሚሰማውም አላጣም።

በሚቀጥለው እሑድ ኪዳነ ምሕረት ሕፃኗ ቆረበች። ሲመለሱ አቀበቱ ላይ ጥሩሸዋ ደከማትና ልጅቷን ተቀበሉኝ አለች። እማሆይ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ ሳያወጡ፣ እጄ ገና አልጠራም አሉ። እናቲቱ ስትለምናቸው አንዲት ጣት ብቻ ዘረጉ። ሳሌም የአያቷን ጣት ያዘች፣ ወደ አፏ ልትወስድ ስትል አፍንጫዋ ተጨማደደ፣ ፊቷንም ወዲያ አዞረች።

ጥሩሸዋ አፈረች። እማሆይ ግን ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈታ።

«ተያት» አሉ። «ከሁላችንም እሷ ተሻለች። ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች።»