በሬ የማይጠብቅ መደብ

በደብረ ታቦር ገበያ ከዓይናለም የጎመን ችግኝ ፊት የቆሙት ሴትዮ የደረቡት የወንድ ካፖርት ነው፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል።

«ልጄ፣ ሜዳው ላይ ልትከል ወይስ አፈር ቆልዬ መደብ ላይ?»

«መደቡ ውሃ አይተኛበትም፤ ግን ያደክምዎታል፣ እማማ። ሜዳው በበሬ ቶሎ ይታረሳል።»

«መደቡስ በሬ ይሻል?»

«የለም፣ ዶማ ይበቃዋል።»

ዓይናለም ካፖርቱን ልብ ያለችው ይኼኔ ነው። በዚህ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ባል የሞተባት እንደሆነ መሬቷ የሚታረሰው የጎረቤት ሁሉ እርሻ አልቆ በሬ ሲለቀቅላት ነው።

ሴትዮዋ እጅጌውን አንድ ዙር ጨምረው ጠቀለሉና ችግኙን ተቀበሉ።

«መደብ ይሁንልኝ» አሉ። «ዘንድሮስ ጎረቤት አርሶ እስኪጨርስ የእኔ ጎመን ለወጥ ይደርሳል።»