የአገራችንን ፖስትካርድ ፍለጋ፣ ከዲላ እስከ አሪቻ

ከዲላ የተነሳሁት በኅዳር ወር፣ ቡናው ቀልቶ መንገዱ ሁሉ በጆንያ በሚሞላበት ሰሞን ነው። የሄድኩት ፖስትካርድ ልገዛ ነው። ይህን ስናገር ያልሳቀ የለም። ልጄ ደረጀ የሱቁን በር እየከፈተ፣ «አባዬ፣ ሰው ወደ ይርጋጨፌ ለቡና ይሄዳል፤ አንተ ለወረቀት?» አለኝ። ይሳቅ ግድ የለም። ለእናንተ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

እኔ በወጣትነቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ሾፌሩ ጋሽ ተክሌ ይባላል። ከዲላ፣ ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ ቡና እየጫንን አዲስ አበባ ስናራግፍ ብዙ ዘመን አብረን በላን፣ አብረን ጭቃ ገፋን። ዛሬ እሱ ደሴ ነው፤ ልጁ አልማዝ ትጦረዋለች። ስኳር አንድ ዓይኑን ወስዶበታል፤ ሁለተኛዋም እየደከመች ነው። አልጋው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በመኪና የዞረባቸውን አገሮች ፖስትካርድ ለጥፏል። ሐረር አለ፣ ጎንደር አለ፣ አክሱም አለ። የእኛ የለም። ባለፈው አልማዝ ደውላ፣ «ጋሼ፣ አባባ በቀረችው ዓይኑ የጌዴኦን አገር ማየት እፈልጋለሁ እያለ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ብዙ አትቆይም ብሎናል» አለችኝ።

ደረጀ በሞባይል ፎቶ አንስቼ ላሳጥብልህ አለ። ልጄ ደግ ነው፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ። ፎቶ ማንም ለራሱ ያነሳል። ፖስትካርድ ሌላ ነው። አንድ ሰው ይህ አገር መታየት አለበት ብሎ፣ ገንዘብ አውጥቶ አሳትሞ፣ ለማያውቀው ሰው የሚሸጠው ነው። ለጎንደር ይህ ተደርጓል። ለሐረርም ተደርጓል። የእኛ አገር ከማን ያንሳል? የእኛም ካርድ አንድ ቦታ ላይ መኖር አለበት ብዬ ተነሳሁ።

ዲላ

በዩኒቨርሲቲው መንገድ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀመርኩ። ባለሱቁ የቆየ ደንበኛዬ ነው፤ አባቱንም አውቃለሁ።

«ላሊበላ አለ፣ ዋልያ አለ፣ ጽጌረዳ አለ። የቱን ልስጥህ ጋሼ?»

«ዲላን።»

«ዲላን ማን ይገዛል? እኛ በነፃ እያየናት።»

«እኔ እገዛለሁ።»

«ለአንድ ሽማግሌ ተብሎ ማተሚያ ቤት አይነሳም» ብሎ ሳቀ። ደብተር ሊገዛ የቆመ አንድ ተማሪም፣ «ፋዘር፣ ላሊበላን ይውሰዱ፤ እሱም አገርዎ ነው» አለኝ። አገሬ መሆኑማ መች ጠፋኝ። ላሊበላ ግን ጋሽ ተክሌ ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ አለ። ዋጋውን ጠየቅኩ፤ አንዱ ሦስት ብር ነው። አልገዛሁም።

መናኸሪያ ሄጄ በአሥራ ሁለት ብር ወደ ይርጋጨፌ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ከወናጎ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ መሐል ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ። ቤቱም፣ ሰዉም፣ ከብቱም ከዛፉ ሥር ነው። ያልለመደ ሰው ጫካ አየሁ ብሎ ያልፋል፤ አገር መሆኑን የሚያውቀው ጭስ ሲወጣ ካየ ነው። ማንም ያላሳተመው ለዚህ ይሆን እያልኩ ይርጋጨፌ ገባሁ።

ይርጋጨፌ፣ ከሰዓት በፊት

ሁለት ፎቶ ቤት ጠየቅኩ፤ የለም። ሆቴል ጠየቅኩ፤ የለም። ያገኘሁት ሰው በማይጠብቅበት ቦታ ነው። የከብት መድኃኒት ከሚሸጥበት ቤት በር ላይ የሚሽከረከር የሽቦ መደርደሪያ ቆሟል፤ ፖስትካርድ ሞልቶበታል። ወጣቱን መድኃኒት ሻጭ ከየት አመጣህ ብለው፣ መደርደሪያውን ለኪኒን ብሎ በጨረታ ሲገዛ ካርዱ አብሮት እንደመጣ ነገረኝ። አንድ በሬ የሚስብ ገበሬ መድኃኒቱን እስኪገዛ ቆሜ በሙሉ አገላበጥኩት። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ የሐረር በር፣ የጣና ታንኳ። ታንኳው ብቻ ሰባት ያህል ነበር። የእኛ የለም።

ለምን እንደምፈልግ ነገርኩት። አዝኖልኝ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቴ፣ ሰውዬው አያይም አላሉኝም? አንድ አረንጓዴ ነገር ይላኩለትና ጌዴኦ ነው ይበሉት» አለኝ።

ክፋት አልነበረውም። «ልጄ» አልኩት፣ «ይህ ሰው ይርጋ ዓለም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲበጠስ እኔን አስወርዶ መኪናውን ለብቻው ያወረደ ሰው ነው። ዛሬ አያይም ብዬ ላታልለው?»

«እንግዲያው አይገኝም።»

«ይገኛል» አልኩና ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ግን ሰው አይገኝም ባለኝ ቁጥር እግሬ ይበረታል።

ገደብ

ከይርጋጨፌ ወዲያ ያለችው ገደብ ብርዳም ከተማ ናት። የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው የሰውን ጉልበት በሰው ጉልበት ላይ አድርጎ ነው ያደረሰን። አደርኩና በማግስቱ ቆጮ በጎመን በልቼ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሻጮቹ ገና ሳልናገር፣ «ፖስትካርድ ፈላጊው መጣ» ይሉኝ ጀመር፤ ወሬዬ ቀድሞኝ ገብቷል።

አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ጥላ ፈልጌ ቆምኩ። ቀና ስል ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁት። የቡና ማድረቂያ አልጋ በረጅሙ ተዘርግቷል። ከአልጋው ኋላ አንዲት ሴት አፍጥጣ ቆማለች። ከእሷ ኋላ እንሰት፣ ከእንሰቱ ኋላ ጉም የያዘው ተራራ። የእኛ አገር ነው። ጭስና ሞራ ግን ግማሹን አጥቁሮታል።

«ሽጥልኝ» አልኩት ሥጋ ሻጩን።

«አባባ፣ በዱቄት ሙጫ ነው የለጠፍኩት። ብትነካው ይቀደዳል። እኔም ሚዛኔ ላይ እሷ ካላፈጠጠች ደንበኛው ሁሉ ይከራከረኛል።» ሥጋውን እየመተረ ቀጠለ፤ «አሪቻ ሂድ። ቡና ማጠቢያው ጋ። ቡና ገዥ ፈረንጅ አሳትሞ በካርቶን አምጥቶላቸው ነበር።»

ጎሽ አልኩ በልቤ። አለ አላልኩም?

አሪቻ

ወደ ይርጋጨፌ ተመልሼ አደርኩና በማግስቱ በሞተር ወጣሁ። ለሽማግሌ ብሎ ቀስ ብሎ የነዳኝን ልጅ እግዚአብሔር ይስጠው። ማጠቢያ ጣቢያው ከወንዝ ዳር ነው፤ የታጠበው ቡና በእንጨትና በሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ቁልቁለቱን ሞልቶታል። በየአልጋው ራስ ላይ አንድ አንድ ዱላ ተተክሏል፤ በዱላው ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ካርድ አለ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ያቺው ሴት ናት። በሚቀጥለውም አልጋ እሷ ናት። በሚቀጥለውም።

የጣቢያው ተቆጣጣሪ ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራቸውን አስረዳኝ። እያንዳንዱ አልጋ የየት ቡና እንደሆነና መቼ እንደታጠበ ተጽፎ ምልክት ይደረግበታል። በፊት በካርቶን ይጽፉ ነበር፤ ካርቶን ዝናብ ሲነካው ይፈርሳል። የፈረንጁ ካርድ ጠንካራ ሆኖ ስላገኙት ጀርባው ላይ ይጽፉበታል።

«ትርፍ አለ?»

«አልቋል። ቡናው ሳይነሳ ደግሞ ካርዱ አይነሳም፤ ያለ ካርድ የቀረ ቡና አባት የለውም። ከተነሳ በኋላ ዘነበች ትወስደዋለች።»

«ምን ታደርገዋለች?»

«ምድጃ ውስጥ ትጨምረዋለች። ፎቶው የእሷ ነው። ሳትጠየቅ ነው የተነሳችው።» ወዲያ ወዲህ አየና፣ «የዚያኛው አልጋ ቡና አሁን ጆንያ ውስጥ እየገባ ነው። እሷ ሳታይ አንዱን ልስጥህ» አለኝ።

እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነገር ነው። ግን ይቺን ሴት አንዴ ሳይጠይቋት ወስደዋታል፤ እኔ ሁለተኛ ልሆን ነው? «አይ፣ ራሷን ጥራልኝ» አልኩት።

ወይዘሮ ዘነበች ጂግሶ መጣች። ጠንካራ ሴት ናት፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ፊቴ ቆመች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋሽ ተክሌን፣ ዓይኑን፣ ግድግዳውን፣ ዲላ ያልገዛሁትን የላሊበላ ካርድ።

«አባባ» አለች፣ «እኔ በዚህ ካርድ አዲስ አበባ ሄጃለሁ፣ ፈረንጅ አገር ሄጃለሁ፤ ማን ጠየቀኝ? ፊቴ የእኔ ናት። ገደብ ሥጋ ቤት ሰቅለውኛል አሉ። አሁን ደግሞ ደሴ ልትወስደኝ?»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«እምቢ ብልህስ?»

«ባዶ እጄን እሄዳለሁ። አገርሽን ሳያይ ዓይኑ ይጠፋል። የሌላ አገር ካርድ ግን አልልክለትም።»

ዱላው ላይ ወዳለው ካርድ ጠቆመች። ከዚያ ተቆጣጣሪውን፣ «ይሄ የፈረንጅ ጽሑፍ ምን ይላል?» አለችው።

«ቡና ለቃሚ ይላል።»

«እየው። እኔ ለቃሚ ነኝ? አልጋ ላይ ነው የምሠራው፤ መጥፎውን ከጥሩው የምለየው እኔ ነኝ።» ወደኔ ዞረች። «የላሊበላው ስንት ነው አልክ?»

«ዲላ ላይ ሦስት ብር።»

«የእኔ አምስት ነው።»

ሴቶቹ ከየአልጋው ሳቁ። አንዷ፣ «ዘነበች ከላሊበላ በለጠች» አለች። ዘነበች አልሳቀችም። «ያ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቆሞ ይኖራል። እኔ ግን ሰው ነኝ፣ ሥራ አቁሜ ነው የማናግርህ» አለች።

አምስት ብሩን ሰጠኋት። ቡናው ከተነሳበት አልጋ ካርዱን ፈታች፤ ለእኔ ግን ወዲያው አልሰጠችኝም። በፈረንጁ ጽሑፍ ላይ ስሟን እንድጽፍ አዘዘችኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጆንያ ላይ አስደግፌ፣ ምላሴን ነክሼ፣ «ወይዘሮ ዘነበች ጂግሶ፣ አሪቻ፣ ጌዴኦ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ተቆጣጣሪው ጮክ ብሎ አነበበላት። ሁለተኛ አስነበበችው።

«አሁን ይሂድ» አለች። «ያየኝ ሁሉ ስሜን ያንብብ። ሌላ የሚፈልግ ሰው ካለ እኔ ዘንድ ላከው። ከእንግዲህ አላቃጥልም፤ እሸጣለሁ።»

ወደ ቤት

በማግስቱ ዲላ ስደርስ መጀመሪያ ፖስታ ቤት ገባሁ። ጸሐፊዋ ካርዱን ገልብጣ፣ «አባቴ፣ ጀርባው የቡና ጽሑፍ ሞልቶታል። ኤንቨሎፕ ውስጥ ይክተቱት» አለችኝ። አልከትም አልኩ። ካርዷ ሳትሸፈን እንድትሄድ ራሷ ዘነበች ፈቅዳለች። ከቡናው ጽሑፍ ሥር በቀረችው ጠባብ ቦታ የደሴን አድራሻ ጻፍንበት፤ ቴምብሩንም ለጠፍን።

ቤት ስገባ ደረጀ፣ «እሺ፣ ወረቀትህን አገኘህ?» አለኝ። አገኘሁ አልኩት። አገራችን የሚያሳትማት አጥታ አይደለም፤ ጠይቆ፣ ዋጋ ከፍሎ፣ በስሟ የሚወስዳት ነው የጠፋው። ይህንን ለማወቅ ገደብ ድረስ በብርድ መሄድ ነበረብኝ፤ አልቆጭም። የዲላውን ባለሱቅም፣ ዲላን ማን ይገዛል ላልከኝ፣ አሪቻ ያሉ ሴትዮ የእኛን አገር በአምስት ብር ይሸጣሉ አልኩት።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አልማዝ ደወለች።

«ጋሼ፣ ደረሰ። መስኮት ዳር ወስዶ ከዓይኑ ጋር አጣብቆ ብዙ ቆየ። እኔ ስለ ሴትየዋ ከነገርከኝ ምንም አልነገርኩትም፤ ስሟንም ገና አላነበብኩለትም። ምን ቢል ጥሩ ነው?»

«ምን አለ?»

«'ይህቺ ሴትዮ ምን በድለናት ነው እንዲህ የምታፈጥጥብን' አለ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ያኔ ሳይጠይቋት አንስተዋት ነው በዪው» አልኳት። «ይህችን ግን ራሷ ናት የሸጠችልኝ።»