የቦራ ጭራ

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ማሲንቆዬን አንግቼ ከከሚሴ ባቲ፣ ከባቲ ከሚሴ በምመላለስበት ዘመን ነው። በስንት ሠርግና በስንት ገበያ ያየሁትን እርጅና እየወሰደብኝ ነው፤ ያን ቀን ግን አልነካብኝም።

እኛ አዝማሪዎች ሠርግ ቤት ከመግባታችን በፊት ማን ማን እንዳለ፣ ማን በምን ሲመሰገን ደስ እንደሚለው እናጠያይቃለን። ሳያጣሩ ማወደስ እንጀራን በእጅ መግፋት ነው። ጨፋ ለሠርግ ተጠርቼ ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘሁት፣ ባቲ ሰንብቶ የሚመለስ ነጋዴ፣ የሙሽራውን አያት አጥብቄ እንዳወድስ መከረኝ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። የእኚህ ሽማግሌ ፈረስ ቦራ ስለሚባል አገሬው የሚያውቃቸው አባ ቦራ ብሎ ነው። እኔም ግጥሜን እየሄድኩ አዘጋጀሁ።

ዳሱ ሞቅ ሲል ወደ ሽማግሌው ዞሬ ለቀቅሁት፦

ዘመድም ይሰለቻል፣ ወዳጅም ይርቃል፣
ቦራ ጌታውን ጥሎ ወዴት ይዘልቃል።

እልልታ ስጠብቅ ዳሱ ጭጭ አለ። ሽማግሌው ተነሥተው ወጡ። አጠገቤ የነበረ ሰው፣ ቦራ በዚያው ሳምንት ታሞ እንደሞተ በጆሮዬ ነገረኝ።

ከሙሽራው ወንድሞች አንዱ አሹፎብናል ብሎ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። የፈራሁት ዱላውን አልነበረም። በሰው ሐዘን የቀለደ አዝማሪ ተብሎ ከተወራብኝ በዚያ መንገድ ሁሉ ደጁን የሚከፍትልኝ አይኖርም፤ ሌላ ሙያ ደግሞ አላውቅም።

ሊያስወጡኝ ሲሉ ሽማግሌው ተመለሱ። ለዝንብ መከላከያ ይሆነኛል ብለው ያስቀሩትን የቦራን ጭራ በእጃቸው ይዘዋል። የያዘኝን ልጅ ልቀቀው አሉትና ወደ እኔ ዞረው "ኮቱ፣ ታኢ" አሉኝ። ና፣ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ቦራ ከሞተ ወዲህ እንዳይከፋኝ ብለው አባ ቦራ የሚለኝ ጠፋ" አሉ። "ወላሂ፣ ስሜንም አብረው የቀበሩት መስሎኝ ነበር። በል፣ ይህን ማሲንቆህ ላይ ወጥርና ድገምልኝ።"

የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነውና፣ የቦራን ጭራ ወጥሬ ያንኑ ግጥም ደገምኩት። ሽማግሌው እንባቸው እየወረደ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ተቀበሉኝ። ቀስ በቀስ ዳሱ ሁሉ ተቀበለ። አባ ቦራ፣ አባ ቦራ ሲባል ተዋለ። እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም።

ዛሬ ጣቶቼ አይታዘዙልኝም። ያ መንገድ፣ የጨፋ ማሽላ፣ ያ ሁሉ ሰው ይናፍቀኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ልጆቼ እኔ ፊት ስሟን አያነሱም። ሊጠይቀኝ የሚመጣውም ጨዋታው ወደሷ ሲሄድ ቶሎ ወሬ ይለውጣል። ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልቀየማቸውም።

ግን አንድ ምንም ያልሰማ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ "አስካለስ እንዴት ናት?" ቢለኝ ደስታዬን አልችለውም።